ልጆችን ከፍርሃት ጋር የሚያስታርቁ ጭራቆች

በተረት ዓለም የጭራቅ ሥራ ልጅ ማስፈራራት ነበር። አልተኛም ያለ፣ ከቤት ርቆ የሄደ፣ የታዘዘውን እምቢ ያለ ልጅ ሁሉ በእሱ ስም ይሸበራል። እኛም ብንሆን «ጅቡ መጣልህ» እየተባልን ነው ያደግነው። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን በርካታ የአኒሜሽን ፊልም ሠሪዎች ይህን ልማድ ገልብጠው ጭራቁን የልጁ ወዳጅ አድርገውታል። ጥሩዎቹ ፊልሞች ልጁን «የሚያስፈራ ነገር የለም» ብለው አይሸነግሉትም። የፈራውን ነገር ቀርቦ እንዲያየው ያደርጉታል።

ከሁሉ የታወቀው ፒት ዶክተር ያዘጋጀውና ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው «ሞንስተርስ ኢንክ» ነው። የጭራቆቹ ከተማ ኃይል የሚያገኘው ከልጆች ጩኸት ነው። ሠራተኞቹ በቁም ሣጥን በር ወደ ልጆች መኝታ ቤት ገብተው ያስፈራራሉ፤ ጩኸቱን በሲሊንደር ሞልተው ይመለሳሉ። የዘመኑ ልጆች ግን በቀላሉ ስለማይደነግጡ ከተማው የኃይል እጥረት ገጥሞታል። የፊልሙ ትልቁ ብልሃት የባሰ ፈሪዎቹ ራሳቸው ጭራቆቹ መሆናቸው ነው። ልጅ መርዝ ይመስላቸዋል፤ አንዲት ካልሲ በአንዱ ጀርባ ላይ ተጣብቃ ስትገኝ ፋብሪካው ይታመሳል።

እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ በማሠልጠኛው ክፍል ያለው ትዕይንት ነው። ባለፀጉሩ ጭራቅ ሰሊ ከሰው ዓለም ወደ ፋብሪካው የገባችውን ሕፃን ቡን እንደ ልጁ ሲንከባከብ ቆይቷል። አለቃው አስፈራርተህ አሳይ ሲለው ሳይወድ ያገሣል፤ ቡም በድንጋጤ ትሸሸዋለች። ቀና ሲል የገዛ ፊቱን፣ የተከፈተ አፉንና ጥርሱን በስክሪኖቹ ላይ ያያል። የተመሰገነበት ሙያ በልጅ ዓይን ምን እንደሚመስል የገባው ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ የልጅ ሳቅ ከጩኸት 10 እጥፍ ኃይል እንዳለው ይደርሱበታል፤ ፋብሪካውም ወደ ማሳቅ ይዞራል። የቡን ድምፅ የሰጠችው ሕፃን ቁጭ ብላ የምትቀረጽበት ዕድሜ ላይ ስላልነበረች ባለሙያዎቹ ማይክሮፎን ይዘው ስትጫወት እየተከተሉ ቀድተዋታል። ልጅቷ እውነተኛ ሕፃን የምትመስለው ለዚህ ነው።

በ2002 ኦስካር ለረጅም አኒሜሽን ፊልም የመጀመሪያውን ሽልማት ሲሰጥ ይህ ፊልም ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ነበር። ያሸነፈው «ሽሬክ» ግን ከረግረግ ውስጥ የወጣ ሌላ ጭራቅ ነው።

ድሪምወርክስ በ2010 ያወጣው «ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራገን» ፍርሃትን ከልጁ መኝታ ቤት አውጥቶ የአንድ አገር ጦርነት ያደርገዋል። የበርክ ደሴት ሰዎች ትውልድ በትውልድ ከዘንዶዎች ጋር ሲዋጉ ኖረዋል። የአለቃው ልጅ ሂካፕ ግን ያቆሰለውን ጥቁር ዘንዶ መግደል ያቅተዋል። በኋላ የሚወዳጁበት ትዕይንት ያለ ንግግር ነው ማለት ይቻላል፤ ልጁ ፊቱን አዙሮ እጁን ይዘረጋል፣ ቀሪውን እርምጃ ለዘንዶው ይተውለታል። ቆይቶም ዘንዶዎቹ መንደሩን የሚዘርፉት የበላያቸው የሆነውን ግዙፍ ዘንዶ ለመቀለብ ተገደው መሆኑ ይታወቃል። ልጆቹ ይህን ሲረዱ የሂካፕ አባት ግን ለማመን እጅግ ይዘገያል። በእነዚህ ፊልሞች ፍርሃትን አጥብቆ የሚይዘው አዋቂው ነው፤ በ2012ቱ «ሆቴል ትራንሲልቫኒያ» እንኳ ድራኩላ ሰውን ፈርቶ ሴት ልጁን በሆቴል ውስጥ ዘግቶ ያሳድጋታል። «ሉካ» (2021) በጣሊያን የባሕር ዳርቻ፣ «ኦራየን ኤንድ ዘ ዳርክ» (2024) ደግሞ ጨለማን ራሱን ገጸ ባሕርይ አድርጎ ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። አብዛኞቹ አንዱን ጭራቅ ካስታረቁ በኋላ ፍርሃቱን ወደ ሌላው ያሻግሩታል። ሰሊ ደግ ሲሆን ተቀናቃኙ ራንዳል ክፉ ሆኖ ይቀራል፤ ትንንሾቹ ዘንዶዎች ሲለመዱ ትልቁ መገደል አለበት። ልጁ የሚማረው ፍርሃትን ማወቅ ነው ወይስ ጠላትን መቀየር?

ከዚህ የጸዳው ከሁሉም የሚቀድመው ነው። ሀያኦ ሚያዛኪ በጊብሊ ስቱዲዮ የሠራው «ማይ ኔበር ቶቶሮ» እ.ኤ.አ. በ1988 ሲወጣ ክፉ የሚባል አንድም ገጸ ባሕርይ አልነበረውም። ሳትሱኪና ታናሿ ሜይ ከአባታቸው ጋር ወደ አሮጌ የገጠር ቤት ይገባሉ። እናታቸው ሆስፒታል ተኝታለች። ሌሊት ነፋሱ ቤቱን ሲያንገጫግጨው ገንዳ ውስጥ እየታጠቡ ነው፤ አባትየው ጮክ ብሎ ይስቃል፣ ልጆቹም ይከተሉታል፣ ጣሪያው ሥር ያሉት የጥላሸት ፍጡራንም ቤቱን ለቀው ይሄዳሉ። ሜይ ደግሞ ግዙፉን ቶቶሮን ስታገኘው ሆዱ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ቶቶሮ እናታቸውን አይፈውስም። የሚያደርገው የጠፋችውን ሜይን ታላቋ እንድታገኛት መርዳት ነው። ሕመሙ እዚያው አለ፤ ልጆቹ ግን ብቻቸውን አይደሉም።

ለትንንሽ ልጆች ፊልም የሚመርጥ ወላጅ በቶቶሮ ቢጀምር እመክራለሁ። «ሞንስተርስ ኢንክ» ቁም ሣጥኑን የሚፈራ ልጅ ላለበት ቤት ይስማማል፤ የዘንዶው ፊልም ውጊያ ስለሚበዛበትና ሂካፕም እግሩን ስለሚያጣበት ትንሽ ከፍ ላሉት ቢቆይ ይሻላል።