ፈረሱ ከየት መጣ? የሠዓሊ መነሻዎች ከእንጅባራ ሜዳ ሲታዩ

ሠዓሊ ለሥራው መነሻ የሚያገኘው ከየት ነው የሚል ጥያቄ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ከተፈጥሮ፣ ከትውስታና ከሕዝባዊ ጨዋታ እንላለን። እኔም ተማሪ ሳለሁ ስለ አድዋ ሥዕሎች ባቀረብሁት አጭር ጽሑፍ መነሻዎቹን በእነዚሁ ሦስት ንዑስ ርእሶች ከፍዬ፣ ተራራውን ከተፈጥሮ፣ ውጊያውን ከትውስታ፣ ነጋሪቱንና ጌጡን ከሕዝባዊ ጨዋታ መድቤ ነበር። መምህሬ ጽሑፉን ሲመልሱልኝ በኅዳጉ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፈውበት አገኘሁ፤ «ፈረሱስ በየትኛው ይገባል?» መልስ አልነበረኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ለዚያች ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው።

መልሱን የምፈልገው በማውቀው አካባቢ በአዊ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሲከበር ኖሯል። ዕለቱ የሚያስታውሰው ፈረሰኛው ከነፈረሱ ለአድዋ ድል የከፈለውን ዋጋ ነው። የአድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እንደ መሆኑ፣ ሁለቱም ቀናት የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ላይ ይውላሉ። በሜዳው ላይ ጉግስና ሽምጥ ግልቢያ አለ፤ በአውንጊም በአማርኛም ይዘፈናል፤ ይፎከራል። እንግዲህ ፈረሱ በአንድ በኩል በደጋው ሣር ላይ ያደገ እንስሳ ነው፤ በሌላ በኩል አያት ቅድመ አያት የዘመቱበት መታሰቢያ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ደግሞ የዕለቱ ጨዋታ ነው። ሦስቱ መነሻዎች በአንድ ኮርቻ ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። የኔ አከፋፈል ስሕተቱም ይኸው ነበር።

ሦስቱ እንዴት እንደሚዋሐዱ ለመረዳት ወደ ዳንግላ ልመለስ። በልጅነቴ በአንድ ጠጅ ቤት ግድግዳ ላይ ፈረሰኞችን የሚሥል ሰው ነበር። ፈረሶቹ ሁሉ ሁለት እግራቸው ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ከመሬት ተነሥተዋል። «ጋሼ፣ ፈረስ እኮ እንዲህ አይሮጥም» ብዬ ብከራከረው፣ ብሩሹን ሳያስቀምጥ «ካለፈ በኋላ ዓይኔ ላይ የሚቀረው እንዲህ ነው» አለኝ።

ሠዓሊው ሳያውቀው የተናገረው በአውሮፓ ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ነበር። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዤሪኮ እ.ኤ.አ. በ1821 የእንግሊዝ አገር የፈረስ እሽቅድምድም ሲሥል ፈረሶቹን ልክ እንደዚሁ ዘርግቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1878 ግን ማይብሪጅ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ የሚጋልብ ፈረስን በተከታታይ ካሜራዎች አንሥቶ፣ አራቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁት ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ እንጂ ሲዘረጉ እንዳልሆነ አሳየ። ከዚህ በኋላ ዤሪኮ ተሳስቷል ተባለ። ቀራፂው ሮዳን በበኩሉ ለሠዓሊው ተሟገተ፤ ጊዜ ቆሞ ስለማያውቅ ጊዜን ያቆመው ፎቶግራፍ ነው የሚያሳስት የሚል ነበር ክርክሩ። እኔም የዳንግላው ሠዓሊ ወገን ነኝ። ዓይን የሚያየው ፈረስ ሌላ ነው፤ ትውስታ የሚያስቀረው ሩጫ ሌላ ነው። ሥዕሉ የሁለተኛው ነው።

በሕዝብ ዘንድ የታወቁትን የአድዋ ሥዕሎች በዚህ ዓይን ስናያቸው ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በእነዚህ ሥዕሎች ሁለቱ ጦሮች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ከሰማይ ይወርዳል፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት መሠረት የወገን ወታደር በብዛት ሙሉ ፊቱ ይታያል፣ ጠላት በጎኑ ይሣላል። ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ከውጊያው ዓመታት በኋላ የተሠሩ ናቸው። ውጊያውን ያላየ ሠዓሊ ቅዱሱን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ ወሬውን ከአዛውንት አንደበት አገኘው እንበል፤ የፈረሱን ግስጋሴ ግን ያገኘው በየበዓሉ ከሚያየው ጉግስ ይመስለኛል። ጨዋታው ለትውስታ አካል ሰጠው።

ትውስታ ከቦታ ርቆም ይሠራል። እስክንድር ቦጎሲያን (እ.ኤ.አ. 1937–2003) «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» የተሰኘውን ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሠራ ኑሮው ፓሪስ ነበር። በሥራዎቹ ግን የአገር ቤት የክታብ ጥቅሎች መንፈስ ይታያል። ከክታቡ የወሰደውን ቀጥታ አልገለበጠውም፤ በርቀት አበስሎ የራሱ አደረገው።

ተፈጥሮም ቢሆን ለሠዓሊ መልክዓ ምድር ብቻ አይደለም። ወደ እንጅባራ የሚመጣ እንግዳ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛውን የዘንገናን ሐይቅ አይቶ «ይህ ለሥዕል ነው» ማለቱ አይቀርም። እኔን ግን የሚያስደንቀኝ ከየጓሮው የሚቆረጠው፣ አጥርና ቅርጫት የሚሆነው ቀርከሃ ነው። ዘሪሁን የትምጌታ ቀጫጭን የቀርከሃ ንጣዮችን ጎን ለጎን ገጥሞ በላያቸው በመሣል ይታወቃል። የቀርከሃው ቀጥ ያለ መስመር ሥዕሉን ይከፋፍለዋል፤ ረጅሙና ጠባቡ ቅርጽ ደግሞ የክታብ ጥቅልን ያስታውሳል። እዚህም ላይ ተፈጥሮና ትውስታ አልተነጣጠሉም።

ነገሩ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች ለምን ያስፈልገናል? ዛሬ በዓሉ በየእጅ ስልኩ ይቀረጻል። ከፎቶግራፍ ብቻ የተገለበጡ የፈረሰኛ ሥዕሎችን አይቻለሁ፤ የግላሱ ጥልፍ አንድ ሳይቀር ተቆጥሮ ተሥሏል፣ ሩጫው ግን የለም። እኛም ፉከራውን በመቅረጸ ድምፅ ይዘን፣ ወደ ጽሑፍ ገልብጠን፣ በይዘት ስንመድብ የምናደርገው ከዚህ አይለይም። ፎካሪው የሚተነፍሰው በፈረሱ ርምጃ ልክ ነው፤ ስንኙ የሚቆረጠውም እዚያ ላይ ነው። ፈረሱን ትተን ቃሉን ብቻ ስንወስድ፣ የምንመልሰው ከሜዳው ላይ የነበረውን አይሆንም።

እንግዲህ ለመስክ ጥናት የሚወጡ ተማሪዎች አንድን ሥራ ይዘው «ከየት ተወሰደ?» ብለው ከመጠየቅ አልፈው፣ «በምን በኩል አልፎ መጣ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። መምህሬ ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ቢደግሙልኝ፣ ፈረሱን በየትኛውም ርእስ ሥር አላስገባውም፤ ርእሶቹን ነው በፈረሱ ላይ የምጭናቸው።