ስለ ኮምፒውተርና ሞኒተር ማገናኛ ገመድ አመራረጥ

ከኦቾሎ ተራራ ወርዶ በአርባ ምንጭ ገበያ ገመድ የሚገዛ ሰው፥ ዕቃው ከመሣሪያው ጋር ያልገጠመ እንደ ሆነ፥ የገመዱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የደርሶ መልሱንም ወጪ ይከስራል፤ ባለሱቁም ደንበኛውን ያጣል። ስለዚህ ሻጭ ገመዱን ከማስረከቡ በፊት የኮምፒውተሩንም የሞኒተሩንም መሰኪያ ዓይነት መጠየቅ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ቪጂኤ 15 ፒን ያለውና በሁለት ብሎን የሚጠብቅ ሲሆን፥ ሥዕልን እንጂ ድምፅን አያስተላልፍም። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ኤችዲኤምአይ ግን 19 ፒን አለው፤ ሥዕልንና ድምፅን ባንድነት ይወስዳል። ዲስፕሌይፖርትም እንዲሁ ሁለቱን ያስተላልፋል፤ 20 ፒን ያለው ሆኖ አንዱ ማዕዘኑ የተቆረጠ በመሆኑ ይለያል።

መሰኪያዎቹ የተለያዩ ሲሆኑ ጥንቃቄ ያሻል። ቪጂኤ አናሎግ፥ ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ስለ ሆነ፥ በመካከላቸው ኮንቨርተር እንጂ ተራ ገመድ አያገለግልም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጠውም ተገልብጦ ቢሰካ አይሠራም። ስለዚህ አስመጪው የሁለቱንም አቅጣጫ ለይቶ ቢያዝ፥ ባለሱቁም ደንበኛው የሁለቱን መሰኪያዎች ፎቶግራፍ በስልኩ አንሥቶ እንዲመጣ ቢመክር፥ የተመላሽ ዕቃ ክርክር ይቀራል።