ከጋቢና የማይሰማው ተሳቢ፦ ተረትና እውነታ

ከጅቡቲ ወደብ የሚነሳው የአገራችን ገቢ ዕቃ ትልቁ ክፍል በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ መሀል አገር የሚደርሰው በከባድ መኪና ነው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና በአንድ ጉዞ እስከ 400 ኩንታል፣ ማለትም 40 ቶን ያህል ይጭናል። ከዚህም ግማሽ የሚጠጋው የሚያርፈው ተሳቢው ላይ ነው። ጋራዥ ሲገባ ግን ተራው የሚደርሰው በመጨረሻ ነው፤ ሞተር ስለሌለው «ምኑ ይበላሻል?» ይባላል። ተሳቢ ግን የራሱ ፍሬን፣ አክስል፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራና ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ነው። የመኪናው የፊት ጎማ ሲያስቸግር ሾፌሩ በመሪው ያውቀዋል። የተሳቢው ሕመም ግን ጋቢና ድረስ አይሰማም፤ ወርዶ ያላየው ሰው የሚያውቀው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ስለ ተሳቢ በየመንገዱ ከሚነገሩት ውስጥ ሕይወትና ንብረት የሚያስከፍሉትን እነሆ።

ተረት፦ «ለመኪናው ያረጀ ጎማ ለተሳቢ ይበቃዋል።»

እውነታ፦ የተሳቢ ጎማ የሚሸከመው ክብደት ከመኪናው የኋላ ጎማ አያንስም። በጠባብ ኩርባ ላይ ደግሞ ወደ ጎን እየተጎተተ ይፋቃል። ከጥንዶቹ ጎማዎች አንዱ ንፋስ ሲያጣ ጓደኛው የሁለቱን ሸክም ብቻውን ይይዛል፤ እየጋለ ሄዶም ይፈነዳል፣ አንዳንዴም እሳት ያስነሳል። በብረት መትቶ ድምፁን መስማት ፈጽሞ የተኛውን ጎማ ይለይ እንደሆነ እንጂ ንፋሱ በከፊል የጎደለውን አይለይም። የውስጠኛውን ጎማ ጨምሮ ሁሉንም በመለኪያ ማየት ያስፈልጋል።

ተረት፦ «ቆላ ሲገባ ጎማ እንዳይፈነዳ ንፋስ መቀነስ ነው።»

እውነታ፦ ብዙ ጎማ የሚጨርሰው ይህ ልማድ ነው። በጉዞ ላይ የጎማ ንፋስ ግፊት መጨመሩ ያለ ነገር ነው፤ ጎማው የተሠራው ይህ ታስቦ ነው። ሲቀዘቅዝ 100 ፒኤስአይ የነበረ ጎማ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር ወደ 111 ገደማ ይደርሳል። ጎማን በዋናነት የሚገድለው የንፋስ ማነስ ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በየዙሩ እየተጣጠፈ ከውስጥ ይግላል፤ በግለቱም ሽፋኑ ከክሩ ይላቀቃል። በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ ከፍታ ወደ ባሕር ጠረፍ ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ከ3 ፒኤስአይ በላይ ቀንሶ ያነባል። ስለዚህ ንፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ፣ ጠዋት ከመነሳት በፊት ነው። የሚሞላውም ለጭነቱ የተወሰነውን ያህል ነው። የጋለ ጎማ አይተነፈስም።

ተረት፦ «ዋናው መኪና ፍሬኑ ደህና ከሆነ ተሳቢውንም ይይዘዋል።»

እውነታ፦ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይለቀቃል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ያለው ቁልቁለትም የሚታወቅ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ፍሬን የሌለው ሙሉ ጭነት ከኋላ ሲገፋ፣ የመኪናው ፍሬን የሁለቱን ሥራ ለብቻው ይሠራል፤ ታምቡሩም ይግላል። ኩርባ ላይ ከሆነም ተሳቢው መኪናውን ገፍቶ ሊያጥፈው ይችላል። የፍሬን ሸራ እንዳያልቅ ብሎ የተሳቢን ፍሬን ማላላት ገንዘብ መቆጠብ ሳይሆን አደጋ መጥራት ነው። በተቃራኒው በእጅ የሚያዘውን የተሳቢ ፍሬን ብቻ እየያዙ መውረድም የተሳቢውን ሸራ ያነዳል።

የፍሬን ልክ አጠባበቅም ትኩረት ይሻል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራውም ይርቃል። አስቀድሞ የላላ ፍሬን ጠዋት ሜዳ ላይ ደህና መስሎ ይይዝና ቁልቁለቱ መሀል ፔዳሉ ቢረገጥም አይደርስም። ስለዚህ የየጎማው ፍሬን ልክ ከቁልቁለት በፊት ይታይ። በአየር ቋቱ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃም በየዕለቱ ይፍሰስ፤ ቫልቮችን የሚያዝገው እሱ ነው። ቁልቁለቱ ሲጀምር በዝቅተኛ ማርሽና በሞተር ፍሬን ይወረድ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መውረድ ፈጽሞ አይሞከር።

ተረት፦ «ተፈትቶ የቆመ ተሳቢ ፍሬኑ ይዞት ያድራል።»

እውነታ፦ ቀዩ የአየር ቱቦ ሲነቀል የተሳቢው ፍሬን ራሱ ይይዛል። ነገር ግን የስፕሪንግ ፍሬን በሌላቸው ተሳቢዎች ላይ የሚይዘው በቋቱ ውስጥ የቀረው አየር ብቻ ነው። አየሩ ቀስ እያለ ሲያልቅ ፍሬኑ ይለቃል፤ ተሳቢውም ማንም ሳይነካው ሊንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ ጎማው በታኮ ይደገፍ። ታኮ ጠፍቶ ድንጋይ ከተደረገም ሲነሱ ከአስፋልቱ ላይ ይነሳ። የተረሳ ድንጋይ በጨለማ ለሚመጣው ሌላ ሰው ሞት ነው።

ተረት፦ «ግራሶ በበዛ ቁጥር ኩሽኔታው ይጠበቃል።»

እውነታ፦ ከልክ ያለፈ ግራሶ ሙቀት ያፍናል፣ ማፈኛ ጎማውን አልፎ ይወጣና የፍሬን ሸራን ያርሳል። ግራሶ የነካው ሸራ ደግሞ አይይዝም። ባሕርያቸው የማይስማማ ግራሶዎችን ማደባለቅም ያበላሻል፤ ዓይነቱ ከተቀየረ አሮጌው ታጥቦ ይውጣ። የኩሽኔታን ጤና ለማወቅ ጎማውን በክሪክ አንስቶ መወዝወዝና ድምፁን ማዳመጥ ነው። እረፍት ላይም መዳፍን ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሀል አስጠግቶ ማወዳደር ይጠቅማል። ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለ ካለ፣ ኩሽኔታው ተጎድቷል ወይም ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው።

ተረት፦ «የተበየደ ብረት ከአዲስ ይጠነክራል።»

እውነታ፦ ስንጥቅ የሚመጣው ከመጠን ካለፈ ጭነት፣ ከተሰበረ ባሌስትራ ወይም ከላላ ቡሎን ነው። ምክንያቱ ሳይነሳ ላዩን ብቻ ቢበየድ፣ ብረቱ ብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል። በተለይ መኪናውንና ተሳቢውን የሚያያይዙት ቀለበቱና ፒኑ ከተበሉ ወይም ከተሰነጠቁ መቀየር እንጂ በብየዳ መሙላት አይገባም። ጎማ ከተቀየረ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ዳዶዎቹን ደግሞ ማጥበቅ ግድ ነው። ከዳዶው ሥር የወረደ የዝገት መስመር ዳዶው መላላቱን ይናገራል።

ተረት፦ «ቦሎ ካለው ጤነኛ ነው።»

እውነታ፦ ዓመታዊ ምርመራ የሚመሰክረው ለዚያ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ኃላፊነት የሚይዘው በየጉዞው የሚደረግ ፍተሻ ነው።

ለባለንብረቶች፦ ሾፌርን በምልልስ ብዛት ብቻ አትመዝኑት። ለፍተሻ ጊዜ፣ ለሸራና ለጎማ ደግሞ ገንዘብ ስጡት። ለሾፌሮችና ለረዳቶች፦ ከመነሳታችሁ በፊት ተሳቢውን ዙሩት። ጎማውን፣ ዳዶውን፣ የአየር ቱቦውን፣ ፒኑንና ማሰሪያውን፣ የኋላ መብራቱንና ፍሬቻውን በዓይናችሁ እዩ፣ በእጃችሁ ዳስሱ። ያልታየ ተሳቢ ከግቢ አይውጣ።