እግር ሳይዝል፦ ወደ አከርካሪ የተሰራጨ ካንሰርና የቀዶ ሕክምናው ጊዜ

የጀርባና የወገብ ሕመም በአገራችን እንግዳ አይደለም። በመቂና በባቱ (ዝዋይ) የአትክልት ማሳ ጎንበስ ብሎ የሚውለው ገበሬ፣ በሞጆና በአዳማ ጭነት የሚያወርደው ሠራተኛ፣ በወንጂ ሸንኮራ የሚቆርጠው ሰው ሁሉ ይህን ሕመም ያውቀዋል። አብዛኛውም በዕረፍትና በቀላል መድኃኒት ይለቃል። ዳሩ ግን ለሕክምና የሚሰጠው ጊዜ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ብቻ የሚቆጠር አንድ የጀርባ ሕመም አለ። እርሱም በሌላ የሰውነት ክፍል የተነሣ ካንሰር ወደ አከርካሪ ተሰራጭቶ ኅብለ ሰረሰርን ሲጫን የሚመጣው ነው። በዚህ ጽሑፍ ሕመሙን፣ የቀዶ ሕክምናውን ጥቅምና ልክ፣ እንዲሁም በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚኖር ቤተሰብ ሊያደርገው የሚገባውን እናስረዳለን።

ሕመሙ እንዴት ይመጣል?

ኅብለ ሰረሰር ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባለው ቦይ የሚወርድ፣ ውፍረቱ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ የነርቭ ገመድ ነው። እግር የሚንቀሳቀሰው፣ ሽንትና ዓይነ ምድርም የሚታዘዙት በእርሱ በኩል በሚያልፈው መልእክት ነው። የጡት፣ የፕሮስቴት፣ የሳንባና የኩላሊት ካንሰር ከደም ጋር ተጉዘው አከርካሪ ላይ ማረፍ ይቀናቸዋል። ዕጢው በአጥንቱ ውስጥ ሲያድግ ወይም የተበላው አጥንት ሲደረመስ ገመዱ ይጨፈለቃል፤ በዙሪያው ያለው የደም ዝውውር ይታወካል፤ እብጠትም ይከተላል። ጫናው ቶሎ ከተነሣ ነርቩ ሊያገግም ይችላል። ከዘገየ ግን ይሞታል፤ የሞተ ነርቭ ደግሞ በቀዶ ሕክምናም ሆነ በሌላ ሕክምና አይመለስም።

በጥናቶች እንደሚገመተው ከ100 የካንሰር ሕሙማን መካከል ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ይህ ችግር ይገጥማቸዋል። በአብዛኛው የሚጠቃውም ከአንገት በታችና ከወገብ በላይ ያለው የጀርባ ክፍል ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከሌሎች ካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታይ በመሆኑ፣ ለጡት ካንሰር የታከመች እናት ያለችበት ቤት ሁሉ ይህን ሊያውቅ ይገባዋል።

ምልክቶቹ

አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ሕመም ነው፤ እርሱም ከድካም ሕመም ይለያል። ሲተኙ ይብሳል፤ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ይወጋል፤ አንዳንዴም እንደ መቀነት ደረትን ወይም ሆድን ያጠብቃል። ይህ ሕመም ከሳምንታት እስከ ወራት ብቻውን ሊቆይ ይችላል። ከዚያ እግር ይከብዳል፤ ደረጃ መውጣትና ከወንበር መነሣት ያስቸግራል፤ ጫማ ከእግር ሲወልቅ አይታወቅም። በመጨረሻም መቀመጫና ብልት አካባቢ ይደነዝዛል፤ ሽንት አልመጣ ይላል ወይም ሳይታወቅ ያመልጣል።

ለምሳሌ ያህል፣ ከሁለት ዓመት በፊት ለጡት ካንሰር የታከሙ አንዲት የባቱ እናትን እናስብ። ለአንድ ወር ሌሊት ሌሊት ጀርባቸውን አሟቸዋል። ሰኞ ዕለት እግራቸው ከበዳቸው። ልጆቻቸው ሕመሙን የብርድ ነው ብለው ወጌሻ ጠሩ፤ ረቡዕ ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ ሊወስዷቸው ተነሡ፤ ዓርብ ግን እናት መቆም አቃታቸው። ሰኞ ዕለት ሐኪም ቢያያቸው ኖሮ እየተራመዱ የሚደርሱት እኒህ እናት፣ ቅዳሜ በቃሬዛ ይደርሳሉ። ይህ ልዩነት የሕክምናውን ውጤት በእጅጉ ይወስናል።

መዘግየት ከየት ይመጣል?

በቅንነት የሚደረጉ ነገሮች ጊዜ ይወስዳሉ፤ አንዳንዶቹም ይጎዳሉ። በካንሰር የተበላ አከርካሪ በወጌሻ መታሸትና መጎተት ሊደረመስ ይችላል። ጠበልን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ታስተምራለች፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ከጠበሉ ጋር መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው ይታወሳል። ስለዚህ እግሩ የከበደው ሕመምተኛ ጠበሉን ይዞ ወደ ሆስፒታል ይሂድ እንጂ ጠበሉን ለመጨረስ ሲል ሕክምናውን አያዘግይ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን የሚገኝ በመሆኑ፣ ከካንሰር ጋር የሚመሳሰል የጀርባ ሕመምና የእግር ድካም ሊያመጣ ይችላል። ቲቢ ግን ለወራት በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ካንሰር እንዳለበት ያልታወቀ ሰው ናሙና ተወስዶ ሳይመረመር «ካንሰር ነው፤ ተስፋ የለውም» ተብሎ ወደ ቤት መመለስ የለበትም።

ቀዶ ሕክምናው ምን ያደርጋል?

ችግሩን በትክክል የሚያሳየው ምርመራ ኤም.አር.አይ. ነው፤ እርሱ በሌለበት ሲቲ ስካን ያግዛል። ተራ ራጅ ጤነኛ መስሎ መታየቱ ግን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ሐኪሙ ችግሩን ሲያረጋግጥ ወይም አጥብቆ ሲጠረጥር እብጠቱን ለመቀነስ ዴክሳሜታዞን የተባለውን መድኃኒት ያስጀምራል። ይህም ለዋናው ሕክምና ጊዜ ይገዛል እንጂ ዋናውን ሕክምና አይተካም።

በቀዶ ሕክምናው ሐኪሙ ኅብለ ሰረሰሩን የተጫነውን ዕጢና የተሰበረ አጥንት ያነሣል፤ ከዚያም የላላውን አከርካሪ በብረት ዘንግና በብሎን ያጸናል። ቁስሉ ሲድን የጨረር ሕክምና ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ በአሜሪካ 101 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት የዚህን ጥቅም በግልጽ አሳይቷል። ቀዶ ሕክምናና ጨረር ካገኙት መካከል ከ100 እጅ 84 እጁ ከሕክምናው በኋላ መራመድ ሲችሉ፣ ጨረር ብቻ ካገኙት መካከል የቻሉት 57 እጁ ነበሩ። መራመድ አቅቷቸው ከመጡት ውስጥም ቀዶ ሕክምና ካገኙት 16 ሰዎች 10ሩ፣ ጨረር ብቻ ካገኙት 16 ሰዎች ግን 3ቱ ብቻ ተመልሰው ተራምደዋል። በጥናቱ የተካተቱት ግን እግራቸው ሙሉ በሙሉ ከሰነፈ ከ48 ሰዓት ያልበለጣቸው ብቻ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ቀዶ ሕክምናው ካንሰሩን አያጠፋም፤ ለሁሉም ሰው አይሆንምም። ይበልጥ የሚጠቅመው የተጨፈለቀው ቦታ አንድ ለሆነ፣ ሰውነቱ ማደንዘዣ ለሚችልና ቢያንስ ጥቂት ወራት በሕይወት እንደሚቆይ ለሚገመት ሰው ነው። እንደ ሊምፎማና ማይሎማ ያሉት ደግሞ ለጨረርና ለመድኃኒት ቶሎ ስለሚታዘዙ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይታከማሉ። በሽታው ለገፋበት ሰውም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር ሊበቃ ስለሚችል፣ ከሩቅ የሚመጣ ቤተሰብ ይህን ሐኪሙን ቢጠይቅ መልካም ነው። ቀዶ ሕክምና የማይሆንለት ሕመምተኛም ሕመም ማስታገሻ፣ የአልጋ ቁስል መከላከያና የቤት እንክብካቤ ያስፈልገዋል፤ እነዚህም ራሳቸው ሕክምና ናቸው።

ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚደረግ ጉዞ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ስለዚህ የዘርፉ ሐኪሞች ቁጥር ከአገሪቱ ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ገና ጥቂት ነው። የጨረር ሕክምናም ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ ቆይቶ፣ ጅማን በመሳሰሉ ከተሞች የተጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሻሸመኔ ደግሞ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። መንገዱ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው፤ ቀናት የሚባክኑት ከመነሣት በፊት ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን።

አንደኛ፣ የካንሰር ታሪክ ያለው ሰው እግሩ ከከበደው ወይም ሽንቱ ከታወከ ተራ የቀጠሮ ቀን አይጠብቅ፤ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። እግሩ ሳይደክም የሌሊት ሕመሙ ብቻ ቢኖርም በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው።

ሁለተኛ፣ ለሐኪሙ የመጀመሪያው ቃል «ቀድሞ ካንሰር ታክሟል፤ አሁን እግሩ ደክሟል» የሚል ይሁን። እግር የደከመበት ቀንና ሰዓትም ተጽፎ ይያዝ።

ሦስተኛ፣ የቀድሞ የሕክምና ወረቀቶች፣ የናሙና ውጤትና ፊልሞች አብረው ይሂዱ። የጤና መድን አባላት የሪፈራል ወረቀታቸውን እንዳይረሱ፤ ላኪው ሆስፒታልም ተቀባዩን በስልክ እንዲያነጋግር ይጠይቁ።

አራተኛ፣ ሕመምተኛው ተጣጥፎ በሚኒባስ ወይም በባጃጅ አይጓዝ። በአምቡላንስ፣ ካልተገኘም በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ተኝቶ ይሂድ፤ ሲገላበጥም ራሱ፣ ወገቡና እግሩ ሳይጠማዘዙ እንደ ግንድ አንድ ላይ ይሁን።

የአጥቢያው ድርሻ

በወንጌል የተነገረለትን ሽባ አራት ሰዎች ተሸክመው፣ ሕዝቡ ቢከለክላቸውም ጣሪያ ነድለው ወደ ጌታ ማድረሳቸውን እናስታውሳለን። ዛሬም ሕመምተኛ ብቻውን አይደርስም። የንስሐ አባት ልጆቹን ሲጠይቅ «ሌሊት ጀርባህን ያምሃል? እግርህስ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ዕድርና የጽዋ ማኅበር ለቀብር እንደሚያዋጡ ሁሉ ለአምቡላንስ ነዳጅና ለኤም.አር.አይ. ክፍያ ቢያዋጡ፣ ሰው በእግሩ እያለ ይደርሱለታል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በአዲስ አበባ ለሚሰነብት አስታማሚ ማረፊያ ማፈላለግ አይከብዳቸውም።

ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ካህናትና የዕድር ዳኞች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ምልክቶቹን ጮክ ብላችሁ እንድታነቡልን በትሕትና እንጠይቃለን። እግዚአብሔር ለሕሙማን ምሕረቱን፣ ለአስታማሚዎች ብርታቱን ይስጥልን።