በመኖሪያችን ዙሪያ ስለሚሰፍሩ የዱር ንቦች

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፥ አደይ አበባም ሜዳውን ሲያለብሰው፥ የፈለሰ የንብ መንጋ በግቢያችን ዛፍ ላይ ሰፍሮ፥ ወይም በግድግዳችን ስንጥቅ ገብቶ የምናገኝበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ከጎረቤት አንዱ ችቦ፥ ሌላው የተባይ መርዝ ይዞ ይደርሳል። ሕፃኑን ላሊበላን ንቦች እንደ ከበቡት፥ እናቱም ነገሩን እንደ መልካም ምልክት እንዳየችው ሲተረክ የሰማን ሕዝብ ሆነን ሳለ፥ ችቦ ለማንሣት መፍጠናችን ያስደንቃል። አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው ግን የመጣው እንግዳ የትኛው እንደ ሆነ ነው።

በቅርንጫፍ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ የሚታየው መንጋ ከንግሥቲቱ ጋራ ወጥቶ አዲስ ማደሪያ የሚፈልግ ነው። ማር ጠግቦ ስለ ወጣ፥ የሚጠብቀውም እጭ ስለሌለው፥ ካልነኩት በቀር ለጠብ አይቸኩልም፤ አብዛኛውን ጊዜም ከጥቂት ሰዓት ወይም ከጥቂት ቀን በኋላ ተነሥቶ ይሄዳል።

በግድግዳ ወይም በጣራ ሥር ገብቶ እንጀራ የሠራው መንጋ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በአንድ ጎጆ ከ10,000 የሚበልጡ ንቦች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሁሉም ልጆቻቸውንና ማራቸውን ይጠብቃሉ። አንዲት ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ በቆዳ ውስጥ ይቀርና እርሷ ትሞታለች፤ ከመንደፊያው የሚወጣው ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ግን ለባልንጀሮቿ የክተት ነጋሪት ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጎጆ አጠገብ ፍየል ወይም በቅሎ ማሰር ትልቅ ጥፋት ነው። ሰው ሮጦ ያመልጣል፤ የታሰረ እንስሳ ወዴት ይሸሻል?

የተነደፈ ሰው እጁን አያወናጭፍ፤ ፊቱን ሸፍኖ በቀጥታ ሮጦ ቤት ይግባ፥ በሩንም ይዝጋ። መንደፊያው መርዙን ማፍሰሱን አያቆምምና ሳይዘገይ ነቅሎ ይጣለው። ምላሱ ወይም ጉሮሮው ያበጠ፥ ትንፋሽም ያጠረው እንደ ሆነ ወዲያው ወደ ሐኪም ይወሰድ።

መርዝ የረጨ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ አላለቀም። ንቦቹ ቢሞቱ እንጀራው በግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ጠባቂ ስለሌለው ማሩ ይፈስሳል፥ ጉንዳንና ብልም ይሰበሰብበታል። የሌላ ሰው ንቦች መጥተው የተመረዘውን ማር ወስደው ያልቃሉ፤ የሰሙም ሽታ ሌላ መንጋ ይጠራል። የሚሻለው ልምድ ያለው ንብ አርቢ በምሽት በጢስ አረጋግቶ ከነእንጀራው ወደ ቀፎ እንዲያዛውረው፥ ከዚያም ቀዳዳውን በጭቃ መድፈን ነው። የጎጆው አፍ ከፍ ያለ፥ ከመተላለፊያና ከልጆች መጫወቻም የራቀ እንደ ሆነ ግን ሳይነኩት አብሮ መኖር ይቻላል። ለመቆሚያ ጠጠር ያለበት ገበታ ውሃ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ በውሃ መቅጃው ላይ እንዳይሰበሰቡ ይረዳል።

የቤቱን ወራጅ የምትበሳውን ትልቋን ጥቁር ንብ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ይፈራታል። ወንዱ መንደፊያ የለውም፤ ሴቲቱም በእጅ ካልያዟት እምብዛም አትነድፍም። ለእርሷ እንጨቱን ቀለም መቀባት ይበቃል።

ጣዝማ ደግሞ ከመሬት በታች የምታድር፥ መናደፍ የማትችል ትንሽ ንብ ናት። ቀጭንና ኮምጠጥ ያለው ማሯ ለሳል መድኃኒት ይሆናል ተብሎ ስለሚፈለግ፥ ቆፋሪው ጎጆዋን ከነልጆቿ ያፈርሰዋል። በግቢያችሁ ጥግ ጠባብ መግቢያዋን ያያችሁ እንደ ሆነ በድንጋይ አትድፈኑት፤ ከብት እንዳይረግጠው ዙሪያውን በእሾህ ማጠር ብቻ ይበቃል።