የጭድ ተራ ሂሳብ፦ የተፈጥሮ ምርጫ በጤፍ ማሳ

መርካቶ ውስጥ ጭድ ተራን የማያውቅ አዲስ አበቤ ጥቂት ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከጭድ ነው፤ ጭድ ደግሞ ለከብት መኖና ለግድግዳ ጭቃ ማቡኪያ የሚፈለግ ሸቀጥ እንጂ ከውቂያ የተረፈ ጉድፍ አይደለም። ለሥነ ሕይወት ተማሪ ግን ሌላም ነገር ይነግረዋል።

ጭድና ፍሬ አብረው አውድማ የሚደርሱት የጤፍ ፍሬ በአብዛኛው እስከ አጨዳ ስለማይረግፍ ነው። የጤፍ የዱር ዘመዶች ፍሬ ግን እንደበሰለ ይረግፋል። በዱር ይህ ጥቅም ነው፤ ዘሩ ቶሎ አፈር ይገባልና። ገበሬ ማጭድ ይዞ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። የረገፈው ማሳ ላይ ቀረ፤ ያልረገፈው አውድማ ደረሰ፤ የከርሞው ዘርም የተወሰደው ከአውድማ ነው።

እንዲህ ያለ ለውጥ ስንት ዘመን ይፈጃል? ብሪታንያዊው ሊቅ ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን በ1924 እ.ኤ.አ. ማሳተም በጀመረው ተከታታይ ጥናት ጥያቄውን በሂሳብ መለሰ። በማንቸስተር አካባቢ ጥቁር የእሳት እራቶች ነጣ ያሉትን የተኩበትን ፍጥነት አስልቶ፣ የጥቁሮቹ ብልጫ 50 በመቶ ያህል መሆን እንዳለበት አሳየ።

ጤፍ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ ስለሚራባ ስሌቱ ይቀላል። የማያረግፉትን ቁጥር ለሚያረግፉት እናካፍል። የማያረግፈው በየመከሩ 10 በመቶ ብልጫ አለው ብንል፣ ድርሻው በየዓመቱ በ1.1 ይባዛል። አንድ ለሺህ የነበረው አንድ ለአንድ የሚሆነው በ73 ዓመት ገደማ ነው። ብልጫው 1 በመቶ ብቻ ቢሆን ወደ 694 ዓመት ይፈጃል። ልብ በሉ፤ ከ73ቱ የመጀመሪያዎቹ 24 ዓመታት የሚያልፉት ከአንድ ለሺህ ወደ አንድ ለመቶ ለመድረስ ነው፤ ገበሬው ምንም አያይም። የመጨረሻዎቹ 24 ደግሞ አንድ ለአሥር የነበረውን የማሳውን እኩሌታ ያደርጉታል። ማባዣው ያው 1.1 ነው፤ የዘገየው ዓይናችን ነው።

ብልጫው ግን በተክሉ ላይ ብቻ የተጻፈ ቁጥር አይደለም። ዛሬ የጤፍ አዳቃዮች ከመጋሸብ ጋር ይታገላሉ፤ ረጅምና ቀጭን አገዳ በዝናብና በነፋስ ይተኛል፣ ምርቱም ይቀንሳል። አገዳው ሲያጥር ግን ጭዱም ያንሳል። ፍሬን ብቻ የሚመዝን ተመራማሪ አጭሩን ዝርያ 1.1 ብሎ ይመዘግበው ይሆናል። ከብት ያለው ወይም ጭድ የሚሸጥ ገበሬ ግን ለከርሞ ዘር ሲመርጥ ሁለቱንም ይመዝናል። በእሱ ሚዛን ማባዣው 0.9 ከሆነ፣ የማሳውን እኩሌታ ይዞ የነበረው ዝርያ ወደ አንድ ለመቶ ለመውረድ 44 መከር ይበቃዋል።