ተጋጣሚን ማገዝ ነጥብ ሲያስገኝ

ዲን ካመን እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ ያቋቋመው ፈርስት የተባለ ድርጅት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚያዘጋጀው የሮቦት ውድድር ሦስት ቡድኖች ተጣምረው ሌሎች ሦስት ቡድኖችን ይገጥማሉ። በማጣሪያው ጥምረቱ በየጨዋታው ይቀያየራል፤ ጠዋት የገጠሙት ቡድን ከሰዓት አጋር ሆኖ ይመጣል። ደረጃ የሚሰጠው ግን ለየቡድኑ ለብቻው ነው።

ድርጅቱ ተፎካካሪዎችን የሚያስተባብር ደንብ ደጋግሞ ሞክሯል። በ2010 ተሸናፊው የአሸናፊውን ነጥብ ለደረጃው ይወስድ፣ ለአሸናፊውም የተሸናፊው ነጥብ እጥፍ ይጨመርለት ነበር። በዚህ ስሌት መሸነፉ የታወቀው ጥምረት ለባላንጣው ግብ ማስቆጠር ያዋጣዋል። ሐሳቡ ቅን ቢሆንም የፉክክሩን ወኔ የሚሰልብ ደንብ ነበር።

የ2012ቱ ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጨዋታው ኳስ ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ነበር። በሜዳው መሃል ሦስት ድልድዮች ተደርድረዋል፦ አንዱ የቀዩ ጥምረት፣ አንዱ የሰማያዊው ጥምረት፣ ነጩ የጋራ። ድልድዮቹ ክብደት ወዳረፈበት ጎን ያዘነብላሉ። ጨዋታው የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ከሩብ ብቻ ነበር። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከየጎራው አንድ አንድ ሮቦት ነጩ ላይ ይወጣል፤ አንዱ ትንሽ ወደፊት ሲል ሌላው ቀስ ብሎ ወደኋላ ይስባል፤ ሁለቱ ሾፌሮች ከሜዳው ሁለት ጫፍ ሆነው አንዱ የሌላውን መንኮራኩር ይጠብቃል። ድልድዩ ሚዛኑን ጠብቆ ከቆመ እያንዳንዱ ጥምረት ሁለት የደረጃ ነጥብ ያገኝ ነበር። ማሸነፍ ራሱ የሚያስገኘው ሁለት ነበር! ተሸንፎ ድልድዩን ያስተካከለ ቡድን፣ ሌላ ጨዋታ አሸንፎ ነጩን ድልድይ ካልሞከረ ቡድን ጋር እኩል ይሆን ነበር።

ከባላንጣ ጋር መተባበሩ ለምን እንደሚያዋጣ ለመረዳት የደረጃ ሰንጠረዡን ማየት ነው። ሁለቱም ሁለት ሁለት ሲያገኙ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አይለወጥም፤ ሜዳ ላይ ያልነበሩትን ሌሎች ቡድኖች ሁሉ ግን በአንድነት ይርቋቸዋል። እምቢ ማለት የሚያዋጣው ከላይ ሆኖ ከኋላ የሚደርስበትን ቡድን ለሚፈራ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የራሱን ሁለት ነጥብ ይከፍላል።

ደረጃው ደግሞ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከፊት የተሰለፉት ቡድኖች ለጥሎ ማለፉ አጋሮቻቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። በዚያ ዙር ሦስቱንም ሮቦቶች በራሱ ድልድይ ላይ ያቆመ ጥምረት 40 ነጥብ ያገኝ ስለነበር፣ ከባላንጣ ጋር ሚዛን መጠበቅን የተለማመደ ሮቦት ለመራጮቹ ተፈላጊ ነበር።